የአራት ዓመት ልጅ ክላሲካል ኮንሰርት ላይ ይቀመጣል ወይ?

ጠያቂ፦ የጠባሴዋ እናት

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከደብረ ብርሃን ሲሆን፣ የሰባት ዓመት ሴት ልጅና አራት ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር የቀረው ወንድ ልጅ አሉኝ። ነገሩ የተጀመረው አንድ ምሽት ሽንኩርት እየከተፍኩ በስልኬ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ፒያኖ በከፈትኩ ጊዜ ነው። ልጄ የቤት ሥራዋን ትታ አጠገቤ መጥታ ቆመች፤ ብዙ ካዳመጠች በኋላም «እጃቸውን አሳዪኝ» አለችኝ። እማሆይ እ.ኤ.አ. በ2023 በኢየሩሳሌም ማረፋቸውን ነግሬ ፎቶግራፋቸውን ባሳያትም አልረካችም። ማየት የፈለገችው መልካቸውን ሳይሆን ድምፁ ከጣት ሲወጣ ነበር።

ስለዚህ ባለፈው ጥር ሁለቱንም ይዤ ወደ አዲስ አበባ ወረድኩ። መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጫጫን፣ ሸኖንና ሰንዳፋን እያለፍን ስንሄድ ትንሹ ሁለት ጊዜ አስመለሰው። የአዳራሹን ስም መጥቀስ አያስፈልግም። ዝግጅቱ ከቀኑ 11 ሰዓት ይጀመራል ተብሎ አርባ ደቂቃ ዘገየ፤ እኔም ልጆቹ በደንብ ይዩ ብዬ ሦስተኛው ረድፍ መሐል ላይ ተቀምጬ ነበር። አራት ሰዎች ባለ አውታር መሣሪያ ይዘው ረጅም ሥራ መጫወት ጀመሩ። የመጀመሪያው ክፍል ሲያበቃ ሴቷ ልጄ ከልቧ አጨበጨበች፤ ከእርሷ በቀር ግን ማንም አላጨበጨበም። ወዲያው በዚያ ጸጥታ መካከል ትንሹ «አለቀ? እንሂድ?» ብሎ ጮኸ። ፊታችን የነበሩት ሁሉ ዘወር አሉ፤ የአዳራሹ አስተናባሪም ጎንበስ ብሎ ልጆቹን ይዤ እንድወጣ በጆሮዬ ነገረኝ። አሥራ አንድ ሰው አስነሥቼ ወጣሁ። ልጄ ደጅ ላይ «ማጨብጨቤ ነውር ነው እንዴ?» እያለች አለቀሰች፤ እኔም የምመልስላት አልነበረኝም።

አሁን የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ለመሆኑ ልጆች በስንት ዓመታቸው ቢሄዱ ይሻላል? ምን ዓይነት ዝግጅት ልምረጥ? ከመሄዳችን በፊትስ ምን ላድርግ? አንዲት ጎረቤቴ «ክላሲካል የልጅን ጭንቅላት ያበራል፤ እንዳትተይው» ትለኛለች፤ ይህስ እውነት ነው? እዚሁ ከተማችን ውስጥ ሊደረግ የሚችል ነገር ካለም ብትጠቁሙኝ ደስ ይለኛል፤ ያን መንገድ በየወሩ መመላለስ አይቻለኝምና።

መልስ ፩፦ ባለቫዮሊኑ

እኅቴ፣ መጀመሪያ ለልጅዎ ይህን ይንገሩልኝ፤ ማጨብጨቧ ነውር አይደለም። ሞዛርት እ.ኤ.አ. በ1778 ከፓሪስ ለአባቱ በጻፈው ደብዳቤ፣ አዲሱ ሲንፎኒው ሲቀርብ አድማጮች ገና ክፍሉ ሳያልቅ፣ ሙዚቃው እየተጫወተ ሳለ እንዳጨበጨቡ በደስታ ይተርካል። እንዲያውም ያን ቦታ ሲጽፈው ሰው እንደሚወደው አውቆ ነበር። በክፍሎች መካከል ጸጥ ብሎ የመቀመጥ ልማድ የተስፋፋው ከእርሱ ዘመን በኋላ ነው። ዛሬ ልማዱን ማክበር ተገቢ ነው፤ ልጅቷ ግን የሠራችው ሞዛርት ቢያይ የሚደሰትበትን ነው። ለሚቀጥለው ጊዜ «ተጫዋቾቹ መሣሪያቸውን ዝቅ አድርገው ሲነሡ ወይም ሲስቁ እናጨበጭባለን» ብለው አንድ ምልክት ቢሰጧት ይበቃታል።

ዕድሜን በተመለከተ እኔ የምቆጥረው ዓመቱን ሳይሆን ደቂቃውን ነው። የአራት ዓመት ልጅ ከሃያ እስከ ሠላሳ ደቂቃ ከተቀመጠ ግሩም ነው፤ የሰባት ዓመቷ ደግሞ መሐሉ ላይ እረፍት ካለው አንድ ሰዓት ትችላለች። እርስዎ የመረጡት ባለ አራት አውታር ተጫዋቾች ዝግጅት ግን ለጀማሪ ልጅ ከሁሉ የከበደው ነው ማለት ይቻላል። ድምፆቹ ይቀራረባሉ፣ ሥራው አብዛኛውን ጊዜ አራት ክፍል አለው፣ ዓይን የሚይዘው ለውጥም ጥቂት ነው። ጥፋቱ የልጆቹ አይደለም፤ የአስተናባሪውም ብቻ ነው አልልም።

ለልጆች ተብለው የተጻፉ ሥራዎች አሉ። ሩሲያዊው የሙዚቃ ደራሲ ፕሮኮፊየቭ እ.ኤ.አ. በ1936 ሞስኮ ለሚገኝ የሕፃናት ቴአትር የጻፈው የጴጥሮስና የተኩላው ታሪክ ግማሽ ሰዓት አይሞላም፤ ተራኪም አለው። ወፏን ፍሉት፣ ዳክዬዋን ኦቦ የሚባለው ቀጭን የእንጨት መንፊያ፣ ድመቷን ክላርኔት፣ አያትየውን ባሱን የሚባለው ወፍራም ድምፅ ያለው መንፊያ፣ ተኩላውን ሦስት ሆርኖች (የነሐስ መንፊያዎች)፣ ጴጥሮስን ደግሞ ባለ አውታሮቹ ሆነው ይጫወቱላቸዋል። ልጁ ታሪኩን እየተከተለ ሳያውቀው ስድስት የመሣሪያ ድምፆችን ለይቶ ይወጣል። አዳኞቹ ሲተኩሱ ትልልቆቹ ከበሮዎች ስለሚያስደነግጡ ለትንሹ አስቀድመው ይንገሩት። የፈረንሳዊው የሙዚቃ ደራሲ የሳን ሳንስ የእንስሳት ስብስብም በአጫጭር ቁርጥራጮች የተሠራ ስለሆነ ልጅ አይሰለቸውም፤ ዝሆኑን ደብል ባስ፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈውን ስዋን የተባለ ወፍ ቼሎ ይጫወታሉ። ሙሉ ኦርኬስትራ የሚጠይቁ ሥራዎች ሁልጊዜ እኛ ዘንድ አይገኙም። ስለዚህ እኔ ከሁሉ በላይ የምመክረው የሙዚቃ ተማሪዎች የሚያቀርቡትን ዝግጅት ነው፤ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች መድረክ ላይ ሲወጡ አንዱ ፒያኖ፣ ሌላው ክላርኔት፣ ሦስተኛው ክራር ይዞ ይመጣል፤ ሥራዎቹም አጫጭር ናቸው። በዚያ ላይ ተማሪው ራሱ በፍርሃት እጁ ሲንቀጠቀጥ ልጆች ያያሉ፤ ይህም ትምህርት ነው።

አቀማመጥዎን ይቀይሩ። ከመሐል ሳይሆን ከረድፉ ጫፍ፣ ለበሩ ቅርብ ሆነው ይቀመጡ። ፒያኖ ከሆነ ደግሞ ወደ መድረኩ ፊትዎን ሲያዞሩ በግራ በኩል ይቀመጡ፤ ጣቶቹ የሚታዩት ከዚያ ወገን ብቻ ነው። «እጃቸውን አሳዪኝ» ላለች ልጅ ከሦስተኛ ረድፍ መሐል ይልቅ ዐሥረኛ ረድፍ ግራ ጫፍ ይሻላታል።

የጎረቤትዎን ነገር በተመለከተ፣ ወሬው የመጣው እ.ኤ.አ. በ1993 ኔቸር በተባለው መጽሔት ከወጣ አጭር ጥናት ነው። የተጠኑት ግን 36 የኮሌጅ ተማሪዎች እንጂ ሕፃናት አልነበሩም። የሞዛርትን የሁለት ፒያኖ ሶናታ ለዐሥር ደቂቃ ሰምተው አንድን የቅርጽ ፈተና ሻል አድርገው ሠሩ፤ ልዩነቱም ሩብ ሰዓት ያህል እንኳ ሳይቆይ ጠፋ። ሕፃናትን ብሩህ ያደርጋል የሚለውን የጨመረው ገበያ ነው። ልጅዎን ሙዚቃው ደስ ስለሚላት ይውሰዷት፤ ሌላ ምክንያት አያስፈልግም።

መልስ ፪፦ ከመሐል ሜዳ

የሁለታችሁንም ጽሑፍ አነበብኩ። እኔ ሙዚቀኛ አይደለሁም፤ ልጆቼን አሳድጌ አሁን የልጅ ልጅ የምጠብቅ የመንዝ ሰው ነኝ። አንድ ነገር ግን አልዋጥልህ አለኝ። የእኛ አገር ልጅ ቁጭ ብሎ ዜማ መስማት አይችልም ያለው ማነው? ለልደት ሌሊት ማኅሌቱ ሲቆም ሕፃኑ በእናቱ ነጠላ ተጠቅልሎ አጠገቧ ነው። በግእዙ ያንቀላፋል፣ ከበሮው ሲመታና ጽናጽሉ ሲንሿሿ ይነቃል፣ ካህናቱ ሲወረቡ ዐይኑን አፍጦ ያያል፣ ተመልሶ ይተኛል። ሌሊቱን ሙሉ! ሲያለቅስ እናቱ አንሥታ ወደ ደጀ ሰላሙ ትወስደዋለች፤ ዝም ሲል ትመልሰዋለች። ዘወር ብሎ የሚገላምጣት የለም፤ ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነውና። ስለዚህ እኅታችን የጠየቀችው «ልጁ ይቀመጣል ወይ?» ቢሆንም፣ እኔ ብሆን አዳራሹ ልጅ ያስቀምጣል ወይ ብዬ እጠይቅ ነበር።

ሌላው፣ ክላሲካል ሲባል ሁላችሁም ወደ ባሕር ማዶ ታያላችሁ። ቅዱስ ያሬድ ግእዝ፣ ዕዝልና አራራይ ብሎ ዜማን ከከፈለ ከሺህ ዓመት በላይ ሆኖታል። ልጁን ቫዮሊን ከማሳየታችሁ በፊት በገና አሳዩት። ባለፈው ዐቢይ ጾም አንድ ደርዳሪ ጎረቤታችን ቤት መጥቶ ነበር፤ የአምስት ዓመት የልጅ ልጄን ይዤ ሄድኩ። ሰውዬው መዝሙሩን ከመጀመሩ በፊት ዐሥሩን አውታሮች አንድ በአንድ ሲያስተካክል ሩብ ሰዓት ፈጀ፤ ልጁ ግን አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ አውታሩ የሚነካቸውን ትናንሽ የቆዳ ቁራጮች፣ እንዚራ የሚባሉትን፣ ከፍ ዝቅ እያደረገ ድምፁ ንዝረት እንዲኖረው ሲያበጅ ልጁ ጠጋ ብሎ መዳፉን በበገናው ሆድ ላይ አሳረፈ። ደርዳሪው አልተቆጣም፤ እንዲያውም ወፍራሙን አውታር መታለት። ልጁ እጁን እንደተቃጠለ ሰው ሰብስቦ «ውስጡ ንብ አለ» አለ። እስከ ዛሬ ይጠይቀኛል።

ስለ ተኩላው የጻፍከው ግን ደስ ብሎኛል። የጓሳ ልጅ ቀይ ቀበሮን ያውቃታል፤ አይጥ ስትለቅም እንጂ ዳክዬ ስትውጥ አላየናትምና ታሪኩን ስትነግሩ እርሷን አታሳሙብን።

መልስ ፫፦ የአጸደ ሕፃናት መምህርት፣ ሸዋ ሮቢት

ጋሼ የጻፉትን በአክብሮት ተቀብያለሁ፤ በአንድ ነገር ግን ልለይ። ማኅሌቱ ላይ ያለው ሕፃን የሚረጋጋው ዜማው የእኛ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ያሉትን ሁሉ ስለሚያውቅና መውጣትም መግባትም ስለሚፈቀድለት ነው። ያው ነፃነት ከተሰጠው ቫዮሊንም ፊት ይረጋጋል። አንዱን ከሌላው ማስቀደም ያስፈልጋል ብዬም አላምንም፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ ስላየሁት ነው ይህን የምለው።

አምና ክረምት ሊገባ ሲል አንድ መሲንቆ መቺና ለእረፍት ወደ ቤተሰቧ የመጣች የቫዮሊን ተማሪ ክፍላችን መጥተው እንዲጫወቱ ለመንኩ። ልጆቹ 28 ነበሩ፤ ዕድሜያቸው ከአራት እስከ ስድስት። ወንበሮቹን አውጥተን ምንጣፍ ላይ በግማሽ ክብ አስቀመጥናቸው፤ ተጫዋቾቹም እንደ ልጆቹ ዝቅ ብለው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። መጀመሪያ ያለ ምንም መግቢያ አንድ አጭር ዜማ በመሲንቆ፣ ያንኑ ዜማ በቫዮሊን ሰማን። አንዲት ልጅ አውታሮቹን ቆጠረችና መሲንቆውን እያመለከተች «የዚህኛው ሦስቱ የት ሄዱ?» አለች። መቺው ሳቀና በዚያች በአንዲቱ አውታር ላይ ጣቱን እያመላለሰ ከታች እስከ ላይ ወጣባት፤ ልጅቷም «አሃ» ብላ ተቀመጠች።

ከሁሉ የማይረሳኝ ግን የዕጣኑ ነገር ነው። መቺው ከመጀመሩ በፊት ከኪሱ ዕጣን አውጥቶ የደጋኑን የፈረስ ጭራ አሸ፤ ቫዮሊኒስቷ ደግሞ ከሣጥኗ ከጥድ ዘመድ ዛፍ ሙጫ የተሠራች ትንሽ ድብልብል አውጥታ የእርሷን ደጋን አሸች። የእርሷም ደጋን የፈረስ ጭራ ነው። ሁለቱን ሙጫ በወረቀት ላይ አድርገን ልጆቹ እንዲያሸቱ አዞርነው። አንዱ ልጅ የመሲንቆውን አሽትቶ «ቤተ ክርስቲያን ይሸታል» አለ፤ የቫዮሊኑን ደግሞ አሽትቶ ፊቱን አጨማደደና «ይኼ አናጢ ቤት ይሸታል» አለ። ያለ ሙጫ ጭራው አውታሩ ላይ ተንሸራትቶ እንደሚያልፍና ድምፅ እንደማይወጣ ቫዮሊኒስቷ ሌላ ያልታሸ ደጋን ይዛ አሳየቻቸው። እኔ ራሴ ያን ቀን ነው የገባኝ።

ሁሉም ነገር ግን አልተሳካም። በሁለተኛው ጊዜ ትራምፔት የሚጫወት ሰው ጋበዝኩ፤ ክፍሉ ጠባብ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነበር። ገና አንዴ ሲነፋ ሁለት ልጆች አልቅሰው ጠረጴዛ ሥር ገቡ፤ አንደኛው እስከ ምሳ ሰዓት አልወጣም። ስሕተቱ የእኔ ነው፤ መሣሪያውን አስቀድሜ ሳላሳያቸው፣ ሰውዬውም ቀስ ብሎ እንዲጀምር ሳልነግረው ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ ለሚነፉና ለሚመቱ መሣሪያዎች ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር እንሰበሰባለን፤ ልጆቹም የፈለጉትን ያህል ርቀው መቆም ይችላሉ። ብዙዎቹ ርቀው ይጀምሩና በሁለተኛው ዜማ ላይ ተጫዋቹ እግር ሥር ይገኛሉ።

እናት ሆይ፣ ትንሹን በተመለከተ ወደ ትልቅ አዳራሽ ከመውሰድዎ በፊት ይህን ዓይነቱን ነገር ሁለት ሦስት ጊዜ ቢያይ እመርጣለሁ። ትልቋ ግን የምትፈልገውን በቃሏ ተናግራለችና አይጠብቋት።

መልስ ፬፦ ባለቫዮሊኑ

ጋሼ፣ ቀይ ቀበሮዋን አላሳማትም፤ ቃል እገባለሁ። ስለ በገናው የጻፉት ግን ትክክል ነው። ኦርኬስትራም ከመጀመሩ በፊት ኦቦው አንድ ድምፅ ይሰጥና ሁሉም በእርሱ ልክ ይስተካከላሉ፤ ልጆች ይህን በጣም ይወዱታል፤ አዋቂዎች ግን እንደ መዘግየት ቆጥረው ያወራሉ። የእርስዎ የልጅ ልጅ አንድ ቀን ኦርኬስትራ ቢያይ ያን ጊዜ ሲደርስ ምን እየተደረገ እንደሆነ ያውቀዋል።

በሁለቱ ዓለም መካከል ድልድይ የሠሩ የአገራችን ሰዎችም አሉ። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ «እረኛው ባለዋሽንት» የተሰኘውን ለኦርኬስትራ ጽፈዋል፤ የኛን ቅኝት የለመደ የልጅ ጆሮ በእርሱ በኩል ወደ ኦርኬስትራ ቢገባ አይደናገርም። በሶፊያ የተማረው ፒያኒስት ግርማ ይፍራሸዋም የአገራችንን ዜማዎች በፒያኖ ያቀርባል፤ ወደፊት መድረክ ላይ እንደሚወጣ ከሰሙ ለልጅዎ ከእማሆይ ቀጥሎ የምመክረው እርሱን ነው።

ደብረ ብርሃን ላይ ለሚደረገው፣ መሣሪያ ይዞ የሚመጣ ሰው ከተገኘ ሠላሳ ደቂቃ ይበቃል። ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት ግን አይጀመር፤ በዚያ ብርድ ጣት ይደነዝዛል፤ ከውጭ የገባ ቫዮሊንም ክፍሉን እስኪለምድ ቅኝቱን አይጠብቅም። ከተማዋ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ መሆኗን እንግዶች ሁልጊዜ ይረሱታል። እኔ በጥቅምት እመጣለሁ፤ በውስጥ መስመር ይጻፉልኝ።

ጠያቂ፦ የጠባሴዋ እናት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ምክራችሁን ተቀብዬ ዳግም አዲስ አበባ ሄጄ ትናንት ተመለስኩ። በዚህ ጊዜ መንገዱ ስለሚያደክም ከዋዜማው ሄደን እኅቴ ቤት አደርን፤ ባለቤቴም አብሮን ነበር። ዝግጅቱ የተማሪዎች ሲሆን እያንዳንዱ ሥራ ከሰባት ወይም ከስምንት ደቂቃ አይበልጥም ነበር። በግራ በኩል ጫፍ ላይ ተቀመጥን። ትንሹ የመጀመሪያውን ክላርኔት በጥሞና ሰማ፤ በሁለተኛው ላይ ጫማውን መፍታት ጀመረ፤ በሦስተኛው አባቱ ይዞት ወጣ። ግቢው ውስጥ አንድ ልጅ የቼሎ ሣጥን ተሸክሞ ሲያልፍ አይቶ እስከ በሩ ድረስ ተከትሎታል አሉኝ፤ ለእርሱ ቀኑ ይኸው ነበር።

ሴቷ እስከ መጨረሻው ቆየች። ከማጨብጨቧ በፊት እያንዳንዱን ጊዜ ወደ እኔ ዘወር ትልና እኔ ራሴን ስነቀንቅ ትጀምራለች፤ በአራተኛው ላይ ግን ዘወር ማለቱን ተወችው። ፒያኖ የምትጫወተው ልጅ መሐል ላይ ስታ ቆም ብላ እንደገና ስትጀምር ልጄ ክንዴን አጥብቃ ያዘችኝ።

ዛሬ ጠዋት ቁርስ እያቀረብኩ ሳለ የመስኮቱ ደፍ ላይ ጣቶቿን አጎንብሳ ትመታ ነበር። «ግራ እጇ በቀኝ እጇ ላይ ዘልሎ ሲያልፍ አይተሻል?» አለችኝ። አላየሁም ነበር፤ እኔ የማየው እርሷን ነበር። የእኔን እጅ ወስዳ ደፉ ላይ አስቀመጠችና የራሷን በላዩ አሳልፋ አሳየችኝ።

ባለቫዮሊኑ፣ ስለ ጥቅምቱ በውስጥ መስመር ጽፌልዎታለሁ። ቦታው የሰፈራችን ልጆች የሚማሩበት አጸደ ሕፃናት ነው፤ ጠዋት 4 ሰዓት ተኩል ላይ ፀሐይ በመስኮቱ ትገባለች። ጋሼ፣ እርስዎም የበገናውን ሰው ቢያመጡልን ምሳው በእኔ ነው።